ስለት ሲደንዝ ድምፁ ይለወጣል

ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ የማረሻው ጫፍ አፈር ውስጥ ነው። በዓይኑ አያየውም። ነገር ግን ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ወዲያው ያውቃል። በምን ያውቃል? እርፉ በእጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ወገሉ ሲላላም እርፉ ይንቀጠቀጣል። ሆኖም ልምድ ያለው አራሽ አንዱን መንቀጥቀጥ ከሌላው ይለያል።

ብረት የሚቆርጡ ሠራተኞችም እንደዚሁ ናቸው። እስቲ ሥራቸውን እንመልከት።

የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ዘንግ የሚሠራው ቶርኖ በሚባል መኪና ነው። ቶርኖ ብረቱን አጥብቆ ይዞ ያሽከረክረዋል። ከብረቱ ይበልጥ የጠነከረ ስለት በጎን ተጠግቶ፣ አናጢ እንጨት እንደሚፍቅ ሁሉ፣ ብረቱን ይፍቀዋል።

ይሁን እንጂ የማይደንዝ ስለት የለም። ማጭድ በአጨዳ እንደሚደንዝ ሁሉ የቶርኖ ስለትም በፍትጊያና በሙቀት ይበላል። ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህን ነገር 26 ዓመት ያህል መርምሮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ውጤቱን አቀረበ። መኪናው ጥቂት ሲፈጥን የስለቱ ዕድሜ በብዙ እንደሚያጥር አሳየ።

ስለት አለቀ የሚባለው መቼ ነው? በሙከራ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የስለቱ ጎን 0.3 ሚሊሜትር ያህል ሲበላ ነው። 1 ሚሊሜትር ለ10 ቢከፈል፣ ሦስቱ ክፍል ማለት ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በሥራ ላይ እንዳለ በዓይን ማየት ይቸግራል።

ስለቱ ቶሎ ቢለወጥ ገንዘብ ይባክናል። ዘግይቶ ቢለወጥ ግን ጉዳቱ ይብሳል። ዘንጉ ይሻክራል፤ ልኩን ይስታል። ልኩን የሳተ ዘንግ ኩሽኔታ ይበላል፤ ወፍጮው ይቆማል። እህል ተሸክመው ከሩቅ የመጡ እናቶች ሳያስፈጩ ይመለሳሉ። ስለቱ ቢሰበር ደግሞ ስባሪው የሠራተኛውን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ስል የሆነ ስለት ብረቱን በደንብ ይቆርጣል፤ ድምፁም አይለዋወጥም። የደነዘ ስለት ግን ብረቱን እየገፋና እየታሸ ይሄዳል። ስለዚህ ይንቀጠቀጣል። ይህ መንቀጥቀጥ ንዝረት ይባላል። የቆየ ሠራተኛ ንዝረቱን በጆሮው ይለየዋል። ግን ጆሮ ይደክማል፤ በፋብሪካም ብዙ መኪና በአንድ ላይ ይጮኻል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ፒየር ኩሪና ወንድሙ ዣክ ኩሪ በፈረንሳይ አገር አንድ ነገር አገኙ። ኳርትዝን የመሰሉ አንዳንድ ድንጋዮች ሲጫኗቸው ጥቂት ኤሌክትሪክ ያወጣሉ። ዛሬ በዚህ መንገድ የሚሠራ ትንሽ መለኪያ በስለቱ መያዣ ላይ ይታሰራል። ስለቱ ሲነዝር መለኪያው ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ኮምፒዩተር ተቀብሎ ይቆጥረዋል።

አሁን አብረን እናስላ። ራሱ እየዞረ የሚቆርጥ፣ 4 ጥርስ ያለው መቁረጫ አለ እንበል። በደቂቃ 600 ጊዜ ቢዞር በሴኮንድ 10 ጊዜ ይዞራል። ጥርሱ 4 ስለሆነ በሴኮንድ 40 ጊዜ ብረቱን ይመታል። ጥርሶቹ እኩል ሲሆኑ ምቶቹም እኩል ናቸው። አንዱ ጥርስ ቢሸረፍ ግን በየዙሩ አንዱ ምት ይለያል። በሴኮንድ 10 ጊዜ የሚመላለስ ንዝረት ጎልቶ ይታያል። ኮምፒዩተሩ ይህን አይቶ ያስጠነቅቃል።

ታዲያ ንዝረት ሁሉ ከደነዘ ስለት አይመጣም። ብረቱ ላልቶ ቢታሰር ወይም ጠንካራ ቦታ ቢገጥም መኪናው ይነዝራል። ስለዚህ ስለቱ ገና ስል ሳለ የነበረው ንዝረት አስቀድሞ ይመዘገባል። በኋላ የሚመጣው ከዚያ ጋር ይነጻጸራል። የትናንቱን ጽፎ ያላስቀመጠ፣ ዛሬ ምን እንደተለወጠ በምን ያውቃል?

እኛም ከዚህ ትምህርት እንውሰድ። የመንደራችን ወፍጮ ወይም ፓምፕ ድምፁ ሲለወጥ «ይሠራል እኮ!» ብለን አንለፈው። መጀመሪያ ሞተሩን እናጥፋ። ከዚያ ባለሙያ ይመርምረው። ቀኑንና ያየነውን በደብተር እንጻፍ።

ጥያቄዎች

1. አራሽ ማረሻው ድንጋይ መንካቱን በምን ያውቃል?
2. ስለት ዘግይቶ ቢለወጥ ምን ጉዳት ያመጣል?
3. 3 ጥርስ ያለው መቁረጫ በደቂቃ 1200 ጊዜ ቢዞር በሴኮንድ ስንት ጊዜ ብረቱን ይመታል?