የስሜን ተራሮች በረዶ፦ ጥንታዊ ምስክርነቱና የበረዶ ሸርተቴ ዝላይ ጥያቄ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የሚዘልቅ ጎብኚ፣ በቧሂት ወይም በራስ ደጀን አናት አካባቢ አልፎ አልፎ ማለዳ ላይ ነጭ የለበሰ መሬት ያጋጥመዋል። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ከፍታ አለው፤ ይህም በአውሮፓ የበረዶ ግግር ከሚሸከሙት የአልፕስ ተራሮች የብዙዎቹን ከፍታ ይበልጣል። ቁልቁለቱም አልጠፋም። ታዲያ በኖርዌይ ሆልመንኮለን እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ ውድድር እንደሚካሄድበት ያለ የበረዶ ሸርተቴ መዝለያ እዚህ ሊኖር ያልቻለው ስለምንድን ነው? ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ወደ ቃል ትርጉምና ወደ አየር ጠባይ ታሪክ ይመራል።

የአማርኛው «በረዶ» እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ባዘቶ እየረበበ የሚያርፈውንም፣ የረጋውንም ውሃ በአንድነት ይጠራል። ግእዝ ግን «በረድ»ን ከ«ሐመዳ» ይለያል። ከሐመዳ ጋር የሚዛመደው «አመዳይ» በአማርኛ ቢኖርም ከ«ውርጭ» ጋር ተቀራርቦ ይነገራል። ስለዚህ «በስሜን በረዶ ጣለ» የሚል የቃል መረጃ ብቻውን የትኛው እንደ ጣለ አያስረዳም።

የጽሑፍ ምስክሩ ጥንታዊ ነው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዱሊስ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሕፈት፣ ስሙ ያልተገለጸ የአክሱም ንጉሥ ያደረጋቸውን ዘመቻዎች ይዘረዝራል። ከእነዚህም መካከል ከወንዝ ማዶ፣ ብዙ ተመራማሪዎች ተከዜ ነው ከሚሉት ወንዝ ባሻገር፣ በስሜን ሰዎች አገር ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለ ይናገራል። የድል ጽሕፈት ማጋነን ይወዳል፤ ይሁንና ጉልበት የሚደርሰው ጥልቀት በጠጠር በረዶ የሚገለጽ አይደለም። ጀምስ ብሩስ በበኩሉ በስሜን እንዲህ ያለ በረዶ አለ መባሉን አልተቀበለም። እርሱ ግን ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770፣ በበጋው ወራት ነው፤ መንገዱም ከከፍተኞቹ አናቶች እጅግ ዝቅ ይላል። አለማየቱ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ከእርሱ በኋላ ናትናኤል ፒርስ ስሜንን ሲያቋርጥ በረዶ እንደ ገጠመው ተናገረ፤ ሄንሪ ሶልትም ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ አሰፈረው።

በረዶው የማይዘልቅበት ምክንያት በወቅቶች አለመገጣጠም ላይ ነው። ዝናቡ በአብዛኛው የሚወርደው በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሌሊቱ እጅግ የሚበርደው ግን ሰማዩ በጠራበት በበጋ ነው። እርጥበት ሲኖር ብርዱ ይለዝባል፤ ብርዱ ሲበረታ ደመና የለም። በዚህ ላይ የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት ከወር እስከ ወር ካለው ልዩነት ይሰፋል፤ ሌሊት የጣለውንም የቀትር ፀሐይ ያቀልጠዋል። በጥንተ ዘመን እንዲህ አልነበረም። በቧሂትና በራስ ደጀን አካባቢ ሐንስ ሁርኒ ያጠኗቸው የድንጋይና የአፈር ክምሮች፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግግር በረዶ እየገፋ ያከማቻቸው ናቸው።

ለዝላይ ስፖርት መንደርደሪያውም ማረፊያው ቁልቁለትም ለሳምንታት በተጠቀጠቀ በረዶ መሸፈን ይኖርበታል። ዛሬ ውሃ የሚረጭበት የፕላስቲክ ንጣፍ በረዶውን ስለሚተካ በበጋም ይዘለላል። ስለዚህ የስሜን እንቅፋት የበረዶ እጦት ብቻ አይደለም። ስፍራው እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከ1978 ጀምሮ ደግሞ የዓለም ቅርስ ነው፤ በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። የዋልያ ገደል ለመዝለያ ማማ የሚሰጥ ትርፍ ቦታ የለውም። በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን በመጀመሪያ የወከለው ሮቤል ተክለማርያምም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ የተወዳደረው በዝላይ ሳይሆን በረጅም ርቀት የበረዶ ሸርተቴ ነበር፤ የተማረውም በውጭ አገር ነው።

ለተመራማሪው የሚቀረው የመስክ ሥራ ቀላል ነው። ነጭ መሬት ሲያጋጥም ቀኑን፣ ከፍታውን፣ የቅንጣቱን ቅርጽ፣ ጥልቀቱንና የቀለጠበትን ሰዓት መመዝገብ፣ የአገሬው ሰው ለዚያ ዕለት በረዶ የሰጠውንም ስም ሳይተረጉሙ እንዳለ መጻፍ ነው።