ካተሬ ለምን ቶሎ ይደነዝዛል?

ጥያቄ፦ የቆዳ ቀበቶና የኪስ ቦርሳ በእጄ መሥራት ጀምሬያለሁ፤ የምሠራው በምግብ ጠረጴዛችን ላይ መስታወት አንጥፌ ነው። ካተሬ ቶሎ ይደነዝዛል፣ የምበሳው ቀዳዳም አያምርም። ምን ልግዛ?

መልስ፦ ካተርዎን የሚያደነዝዘው ቆዳው ሳይሆን መስታወቱ ነው። ለመቁረጥ ወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ ይበቃዎታል። ጣውላም ይሆናል፣ ግን የእንጨቱ መስመር ስለቱን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ለመብሳት ሁለት ነገር ይደራርቡ፦ ከሥር ከባድ ድንጋይ፣ ከላይ ያንኑ መክተፊያ። ድንጋዩ የመዶሻው ምት ነጥሮ እንዳይባክን ያደርጋል፤ ፕላስቲኩ የመብሻውን ጫፍ ይቀበላል። መብሻው በቀጥታ ድንጋይ ካገኘ አለቀለት! ድንጋዩን አዲስ አይግዙ፤ የኩሽና ግራናይት የሚቆርጡ ሰዎች ጋ ቁርጥራጭ አይጠፋም። 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ጥሩ ነው። ደግሞ የሚመቱት ከጠረጴዛው እግር በላይ ይሁን። እኔ የመጀመሪያ ቀበቶዬን ጠረጴዛው መሐል ላይ ስበሳ የሻይ ብርጭቆው ዘለለ እንጂ ቆዳው አልተበሳም።

መስታወቱን ግን አይጣሉት። የቆዳውን ጠርዝ ሲያሳሱ ቢላዋው ተኝቶ ስለሚሄድ ልሙጥና ጠንካራ ነገር ይፈልጋል፤ የፈሰሰ ማስቲሽም ከመስታወት ላይ ሲደርቅ በምላጭ ተፍቆ ይነሳል።