ሮትዋይለርን በቤት ማሳደግ፦ ምርጫና ሥልጠና

ሮትዋይለር የተሰኘው የውሻ ዝርያ ስሙን ያገኘው በደቡብ ጀርመን ከምትገኘው ከሮትዋይል ከተማ ነው። ቀድሞ ከብት ይነዳ፣ የሥጋ ነጋዴዎችን ጋሪም ይጎትት ነበር። ያደገ ወንድ 50 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በቡችላነቱ ያልታረመ ዝላይ በኋላ ሕፃን ሊጥል ይችላል።

ታዲያ ሥልጠናው መቼ ይጀመር? ስኮትና ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት፣ ቡችላ ከሰውና ከአካባቢው ጋር በቀላሉ የሚላመደው በተለይ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው መሆኑን አሳይተዋል። በዚህ ወቅት በሰንሰለት ታስሮ የሚያድግ ቡችላ እንግዳን ሁሉ ሊፈራ ይችላል። ስለዚህ ገዢው በሰው መካከል ያደገውን ይምረጥ፤ እናቲቱም ገራም መሆኗን ይመልከት። ትእዛዝ በፈጸመ ቅጽበት የሚሰጥ ቁራሽ ምግብ ድርጊቱን ያጠናክራል፤ ዱላ ግን ፍርሃትን፣ ፍርሃትም ንክሻን ይወልዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አይዘንጋ፤ ሕፃንም ከውሻ ጋር ብቻውን አይተው።