የመሬት ናዳና የሠፈራ ቦታ ምርጫ፦ ለገረሴ ደጋ የሚሆን ትምህርት

በድርቅ መከላከል ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ዐይኑ ዘወትር ወደ ሰማይ ነው። ዝናም ሲዘገይ ይጨነቃል፤ ዝናም ሲጥል ግን ሥጋቱ ያለፈ ይመስለዋል። ሆኖም በቅርብ ዓመታት በደቡብ ኢትዮጵያ የደረሱት አደጋዎች እንደሚያስረዱት፣ በደጋ ተዳፋት ላይ ለሚኖር ገበሬ የዝናም መምጣት የሌላ አደጋ መነሻ ሊሆን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ መሬት ናዳ የተገኘውን እውቀት በአጭሩ ማቅረብና በገረሴና በአካባቢው ለሚሠሩ የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

1. በጎፋ የደረሰው አደጋ

የጎፋ ዞን ከጋሞ ጋር የሚዋሰን፣ ቀድሞም ጋሞ ጎፋ በሚል አንድ ስም ይተዳደር የነበረ ተራራማ አገር ነው። በዚሁ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ፣ በሐምሌ 14 እና 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጣለው ከባድ ዝናም በኋላ የወረደው ናዳ ጥቂት ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤትና ዘመድ፣ ሽማግሌና ጎልማሳ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ። ሕዝቡ በእጁና በአካፋ አፈር ሲዝቅ ሳለ ሁለተኛው ናዳ ወረደበት። በተከታዮቹ ቀናት የተቆጠረው የሟች ብዛት ከ240 በላይ ሲሆን፣ ከሟቾቹም አብዛኞቹ ለእርዳታ የመጡት ነበሩ። ከ15 ሺህ በላይ ሰዎችም ከሥጋቱ ቦታ መነሣት እንደሚገባቸው ተገለጠ።

የመጀመሪያው ትምህርት ከዚህ ይወሰዳል። ተዳፋቱ አንድ ጊዜ ሲናድ ከላይ የቀረው አፈር እግሩን እንደተቆረጠ ግድግዳ ያለ ድጋፍ ይቀራል። ስለዚህ ከላይ የሚመለከትና ድምፅ የሚሰጥ ጠባቂ ሳይቆም፣ ቆፋሪውም በቁጥር ሳይወሰንና የማምለጫው አቅጣጫ ሳይታወቅ ወደ ናዳው ሥር መግባት አይገባም። የሕዝቡ የመረዳዳት ባሕርይ ክቡር ነው፤ ይህን ባሕርይ በሥርዓት መምራት የኃላፊው ፋንታ ነው።

2. ተዳፋት ስለ ምን ይናዳል?

የጋሞና የጎፋ ደጋዎች በአብዛኛው ከጥንት እሳተ ገሞራ በፈሰሱ ባዛልትና መሰል ዐለቶች የተገነቡ ናቸው። ዐለቱ በብዙ ሺህ ዓመታት ሙቀትና ዝናም እየበሰበሰ ጥልቅ ቀይ አፈር ሆኗል። የስምጥ ሸለቆው መሰንጠቅም ደጋውን ከቆላው የሚለዩትን ገደሎች ፈጥሯል። ከገረሴ ከፍታ ወደ ጫሞ ሐይቅ ቁልቁል የሚመለከት ሰው የዚህን ሥራ ውጤት በዐይኑ ያያል።

በዚህ አፈር ላይ 100 ሚሊ ሜትር ዝናም ጥሎ ሙሉ በሙሉ ቢሰርግ፣ በአንድ ሄክታር መሬት ላይ የሚጨመረው ውሃ 1,000 ሜትር ኩብ፣ ክብደቱም 1,000 ቶን ነው። ነገር ግን ዋናው ጉዳት ከክብደቱ ብቻ አይመጣም። ውሃው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ቅንጣቶቹን ስለሚገፋ እርስ በርስ የሚያያዙበት ኃይል ይደክማል። ከሥር ያለው ዐለት ውሃ የማያሳልፍ ከሆነ፣ አፈሩ በዐለቱ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል።

3. ድርቁና ዝናሙ

ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በአጎራባች ቆላዎች አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በጥቅምትና በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በእነዚሁ አገሮች ብርቱ ጎርፍ ደረሰ። የዚህ መፈራረቅ አንዱ ምክንያት በሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊና ምሥራቃዊ ክፍሎች መካከል የሚታየው የሙቀት መለዋወጥ ነው። ይህን ክሥተት የጃፓን ተመራማሪዎች የነበሩበት ቡድን በ1992 ዓ.ም. መግቢያ ለዓለም አስታውቋል። ወደ አፍሪቃ የሚቀርበው የውቅያኖስ ክፍል ሲሞቅ የበልጋችን ተከታይ የሆነው የመስከረምና የኅዳር ዝናም ይበረታል፤ ሲቀዘቅዝ ይደክማል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ሙቀቱ እጅግ በበረታ ጊዜ በጥቅምት ወር በኮንታ የወረደው ናዳ 22 ሰዎችን ገድሏል።

ረዥም ፀሐይ ሸክላማውን አፈር ያነቃዋል። ንቃቃቱም የመጀመሪያውን ከባድ ዝናም በቀጥታ ወደ ጥልቁ ያስገባል። ስለዚህ ከድርቅ በኋላ የሚመጣ የብርቱ ዝናም ትንበያ ለደጋው የናዳ ማስጠንቀቂያ ሆኖ መነበብ አለበት።

4. የውሃ ጥበቃ ሥራ በሁለት ፊቱ

ለድርቅ መከላከያ የምንሠራቸው እርከኖች፣ ትሬንቾችና የውሃ ማቆሪያ ጉድጓዶች ዓላማቸው ውሃውን በቦታው አስቁሞ ማስረግ ነው። በጸና ተዳፋት ላይ ይህ መልካም ሥራ ነው። ለናዳ በተጋለጠ ተዳፋት ላይ ግን ያው ሥራ ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ የቆመው ውሃ ሁሉ ወደ ተንሸራታቹ አፈር ይገባልና። በእንዲህ ያለ ቦታ ውሃው ከላይ በጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተጠልፎ፣ ወደ ጸና የተፈጥሮ መውረጃ መመራት ይኖርበታል። የዛፍም ነገር እንዲሁ ነው። ሥሩ የላይኛውን አፈር ይይዛል፤ ናዳው ከሥሩ በታች ከተነሣ ግን ዛፉም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ የተከላ ዘመቻ የቦታ ምርመራን አይተካም።

5. ከሰማይ የሚታየውና ከመሬት የሚታየው

የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ማምጠቅ የጀመራቸው ሴንቲኔል አንድ የተባሉ ሳተላይቶች ራዳር ስለሚጠቀሙ በደመናና በሌሊትም ያያሉ። በዝግታ የሚንሸራተትን መሬት በጥቂት ሚሊ ሜትር ልክ ሊያመለክቱ ይችላሉ። ይሁን እንጂ አንዱ ሳተላይት ወደዚያው ቦታ የሚመለሰው በ12 ቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ዕፀዋትም ልኬቱን ያውካል። በአንድ ሌሊት የሚነሣውን ናዳ ቀድሞ የሚያየው እዚያው የሚኖረው ገበሬ ነው።

ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው፦ ከቤት በላይ የተከፈተ ቀስት መሰል ስንጥቅ፤ ያዘነበለ ዛፍ ወይም አጥር፤ በድንገት የፈለቀ፣ የደፈረሰ ወይም የደረቀ ምንጭ፤ አልዘጋ ያለ በር፤ የተሰነጠቀ ግድግዳ። በጋሞ ሕዝብ ዘንድ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት ዱቡሻ አለ። ምልክቱ የሚነገርበት፣ ማስጠንቀቂያውም የሚሰማበት ቦታ ይኸው ቢሆን፣ ከወረዳ ከሚመጣ ደብዳቤ ይልቅ ፈጥኖ ይታመናል።

6. ሠፈራን በሚመለከት

ተዳፋቱ አደገኛ ነው ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ሕዝቡን ወደ ሰፊው ቆላ ማውረድ ነው። ነገር ግን ደገኛው በቆላ የሚጠብቀው ወባ፣ ከብቱንም የሚጠብቀው ገንዲ ነው። ኑሮው የተመሠረተው በእንሰት ላይ ነው፤ እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ በአብዛኛው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። የስድስት ወር ቀለብ ይዞ እንሰቱን ጥሎ የወረደ ቤተሰብ ቀለቡ ሲያልቅ ወደ ተውት ተዳፋት ቢመለስ የሚያስደንቅ አይደለም።

ስለዚህ በተቻለ መጠን የሚመረጠው አጭር ሠፈራ ነው፤ ይኸውም ቤቱን ከተዳፋቱ ሥርና ከመውረጃው አፍ አንሥቶ በዚያው ቀበሌ ወደ ጸና ጉብታ ወይም ወደ ሰፊ ሜዳ ማዛወር። ገበሬው በደረቁ ወራት እርሻውን እንደ ያዘ ሌሊቱን በደኅና ቦታ ያድራል። አዲሱ ቦታ ከመወሰኑ በፊት አንድ ነገር መመርመር አለበት፤ ይኸውም ሜዳው ራሱ የጥንት ናዳ የተከመረበት መሆን አለመሆኑ ነው። በተራራ ሥር የሚገኝ፣ ትልልቅ ድንጋይ ከአፈር ጋር የተደባለቀበት፣ ጉብጉብ ያለ ለም ሜዳ ብዙ ጊዜ እንዲሁ የተፈጠረ ነው።

ለውይይት፦ በምትሠሩበት ቀበሌ ከተዳፋት ሥር ያሉት ቤቶች ስንት ናቸው? ባለፉት ሦስት ዓመታት የተቆፈሩት ትሬንቾች ከእነዚህ ቤቶች በላይ ናቸው ወይስ በታች? በሌሊት ማስጠንቀቂያ ቢሰጥ ሕዝቡ የሚሄድበት ቦታ በስም ተለይቶ ታውቋልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ወረዳ የሚቀጥለውን ክረምት ተዘጋጅቶ ይቀበላል።