ጉበት ራሱ የሚያነቃው መርዝ፦ አፍላቶክሲን፣ የጉበት ሕዋስና ካንሰር

እ.ኤ.አ. በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ የሚበልጡ ተርኪ የተባሉ የፈረንጅ ዶሮዎች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። የሞታቸው ምክንያት ባለመታወቁ በሽታው «ኤክስ» ተባለ። ቆይቶ ግን ዶሮዎቹ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ይመገቡ እንደነበር ተደረሰበት። መርዙን ያመነጨው አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ ሲሆን፣ መርዙም ከሻጋታው ስም ተወስዶ «አፍላቶክሲን» ተባለ። ዛሬ ይህ መርዝ የጉበት ካንሰርን በሰው ላይ እንደሚያስከትል በማያጠራጥር ሁኔታ ከተረጋገጠባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው።

የሚያስገርመው ነገር አፍላቶክሲን ወደ አካላችን ሲገባ ገና ካንሰር አምጪ አለመሆኑ ነው። ይህን ባሕርይ የሚሰጠው ከመርዝ ሊጠብቀን የሚተጋው ጉበታችን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት እንደሚሆንና ከወተት ብርጭቋችን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ማስረዳት ነው።

ከፋጉሎ እስከ ብርጭቆ

ከቤቴል ተነሥቶ በአየር ጤና በኩል የጅማን መንገድ የያዘ ሰው ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ ይደርሳል። ሰበታ ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡ አካባቢዎች አንዷ ናት። በእነዚህ አካባቢዎች የወተት ላም ከምትመገባቸው መኖዎች መካከል የኑግ ፋጉሎ ይገኝበታል፤ ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ማለት ነው። ፋጉሎ በፕሮቲን የበለጸገ በመሆኑ ተፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ እርጥበት ባለበት መጋዘን ሲከማች ለሻጋታ የተመቸ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን ኤም-1 አግኝቷል። ከመቶ 26 ያህሉ በአንድ ሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ነበረባቸው። ይህ አሜሪካ የምትጠቀምበት ወሰን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ያስቀመጠውን የ0.05 ማይክሮግራም ወሰን ያሟሉት ደግሞ ከመቶ 8 ያህል ብቻ ነበሩ። በመኖው ላይ የተደረገው ምርመራ እንዳመለከተው ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነበር።

ላሟ ከምትበላው አፍላቶክሲን ቢ-1 ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 1 እስከ 2 የሚሆነው ኤም-1 ሆኖ በወተቷ ይወጣል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በኪሎ 100 ማይክሮግራም መርዝ ካለበት ፋጉሎ በቀን 3 ኪሎ የምትበላ ላም 300 ማይክሮግራም ታገኛለች። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 2 እጁ፣ ማለትም 6 ማይክሮግራም፣ ወደ ወተቷ ቢያልፍና በቀን 10 ሊትር ብትታለብ፣ በእያንዳንዱ ሊትር 0.6 ማይክሮግራም ይኖራል። ከላይ ከተጠቀሱት ከሁለቱም ወሰኖች በላይ ነው።

ብርሃን የገለጠው ሞለኪውል

የፊዚክስ መምህር ስለ ጉበት ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ በመርዙ ስም ውስጥ ይገኛል። «ቢ» እና «ጂ» የሚባሉት ፊደላት ሰማያዊና አረንጓዴ ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የተወሰዱ ናቸው። አፍላቶክሲን በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲመታ ያበራልና። «ኤም» ደግሞ ወተት ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

ሞለኪውሉ የሞገድ ርዝመቱ 365 ናኖ ሜትር የሆነ ፎቶን ሲውጥ 3.4 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያገኛል። ቢ-1 መልሶ የሚሰጠው ብርሃን 425 ናኖ ሜትር ገደማ፣ ማለትም 2.9 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ልዩነቱ በሙቀት መልክ ይጠፋል። ይህ ጠባይ እጅግ ጥቂት መርዝ ለመለካት ያስችላል። ሆኖም ሌሎች ንጥረ ነገሮችም ስለሚያበሩ፣ ናሙናው በመጀመሪያ በክሮማቶግራፊ ተለይቶ መመርመር ይኖርበታል።

ጉበት ምን ያደርጋል?

በስብ እንጂ በውሃ የማይሟሟ ባዕድ ነገር በሽንት በቀላሉ አይወገድም። ስለዚህ የጉበት ሕዋስ ሳይቶክሮም ፒ-450 በተባሉ ኢንዛይሞች አማካይነት የኦክስጅን አቶም ያክልበታል። ለአብዛኞቹ ባዕድ ነገሮች ይህ የመወገጃቸው መጀመሪያ ነው። አፍላቶክሲን ቢ-1 ላይ ግን ኦክስጅኑ በአንድ የተወሰነ ቦታ ሲያርፍ፣ ኢፖክሳይድ የተባለ የተወጠረ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀለበት ይፈጠራል። ዕድሜው በውሃ ውስጥ ከአንድ ሰከንድ ብዙ ባይዘልም፣ ይህ ጊዜ ከዲ.ኤን.ኤ. ደርሶ ጉዋኒን በተባለው መሠረት ላይ ለመጣበቅ ይበቃዋል።

ሕዋሱ መከላከያም አለው። ግሉታታዮን የተባለ ሞለኪውል ኢፖክሳይዱን ቀድሞ ከያዘው ጉዳት ሳይደርስ ይወገዳል። ዐይጥና አይጠ መጎጥ ያንኑ መርዝ ተመግበው አይጠ መጎጧ በካንሰር ስትያዝ ዐይጧ የምትተርፈው፣ ዐይጧ ይህን ተግባር በፍጥነት የሚያከናውን ኢንዛይም ስላላት ነው።

ተመሳሳይ ጠባይ በአገራችን በሌላ መርዝ ታይቷል። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ጸዓዳ እምባ በተባለ መንደር እ.ኤ.አ. ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታየው የጉበት በሽታ ሲመረመር፣ ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም መርዝ፣ ማለትም ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ፣ ተገኝቷል። ይህኛው በዋነኛነት የሚጎዳው የጉበትን ደቃቅ የደም ሥሮች ነው። የሚነቃው ግን እንደ አፍላቶክሲን ሁሉ በጉበት ኢንዛይሞች ነው።

የቤተ ሙከራው ምስክርነት

አሜሪካዊው ብሩስ ኤምስ በ1970ዎቹ ባዘጋጀው ምርመራ ኬሚካሎች የባክቴሪያን ዘረ መል ይለውጡ እንደሆነ ይፈተናል። አፍላቶክሲን ቢ-1 ለብቻው ሲጨመር ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የተፈጨ የአይጠ መጎጥ ጉበት አብሮ ሲጨመር ግን ለውጡ ይበረታል። ጉበት ከሌለ መርዙ አይገለጥም ማለት ነው።

ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበት ሄፕ-ጂ-2 የተሰኘ የጉበት ሕዋስ ዘር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከአንድ አርጀንቲናዊ ታዳጊ የጉበት ዕጢ የተገኘ ነው። ሕዋሱ ያለማቋረጥ ቢባዛም፣ የፒ-450 ኢንዛይሞቹ ከጤናማ ጉበት ያነሱ ናቸው። በመሆኑም በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ጉዳት አለመታየቱ ብቻውን የአንድን ኬሚካል ደኅንነት አያረጋግጥም።

እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ከቻይናና ከደቡባዊ አፍሪካ የተገኙ የጉበት ዕጢዎችን የመረመሩ ሁለት ቡድኖች፣ ፒ-53 በተባለው የሕዋስ መባዛትን በሚገታ ጂን ላይ ተመሳሳይ ስሕተት አገኙ። በ249ኛው ኮዶን ጉዋኒን በታይሚን ተተክቷል። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሄፕ-ጂ-2 ሕዋሳት፣ ከአይጠ መጎጥ ጉበት በተወሰዱ ኢንዛይሞች ታግዘው ለአፍላቶክሲን ሲጋለጡ ይኸው ለውጥ ታየ። በበሽተኛው ዕጢ የተገኘው አሻራ በቤተ ሙከራም ተደገመ።

የቁጥሩ ትርጉም

0.5 ማይክሮግራም ኤም-1 ወደ 900 ትሪሊዮን ገደማ ሞለኪውል ይይዛል። የሰው ጉበት ሕዋሳት ደግሞ ከ100 ቢሊዮን ይበልጣሉ። አብዛኞቹ ሞለኪውሎች ያለ ጉዳት ይወገዳሉ፤ ኤም-1ም ካንሰር የማምጣት ኃይሉ የቢ-1 አንድ ዐሥረኛ ያህል እንደሆነ ይገመታል። ነገር ግን ካንሰር ከአንድ ሕዋስ ሊነሣ ስለሚችል ጉዳዩ የዕድል ስሌት ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ማንንም አያሳምምም። ዕድሉ የሚጨምረው ለዓመታት በሚደጋገም መጋለጥ ነው።

ምን ይደረግ?

ወተት ማፍላት ጀርሞችን ስለሚገድል ሊቀር አይገባም፤ አፍላቶክሲንን ግን አያጠፋም። ሕፃናትን ወተት መከልከልም መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው ያለው ከጉበት በፊት፣ በመጋዘኑ ውስጥ ነው። መኖው በሚገባ ደርቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ዝናብ በማያገኘው ቤት ሊቀመጥ ይገባል። ለሰው የማይበላውን ሻጋታ እህል ለከብት የመስጠት ልማድም ሊቀር ይገባል፤ ለላሟ የጣልነው በወተቷ ይመለሳልና። ደስ የሚያሰኘው፣ ላሟ ንጹሕ መኖ ከጀመረች በጥቂት ቀናት ውስጥ ወተቷ መጥራቱ ነው።

ሁለተኛው መከላከያ ክትባት ነው። በሻንጋይ ከ18 ሺህ በሚበልጡ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ አፍላቶክሲንና የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የጉበት ካንሰር ዕድል ከሁለቱም ነጻ ከሆነ ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ 60 እጥፍ እንደሚደርስ አሳይቷል። ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን እ.ኤ.አ. ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ አካታለች። ከዚያ በፊት የተወለደ ተማሪ በጤና ተቋም ተመርምሮ፣ ነጻ ሆኖ ከተገኘ ቢከተብ ጉበቱን ከአንዱ ጠላት አስቀድሞ ያድናል።