አረጋውያንን በቤታቸው መጦር



ወላጆችን መጦር በረከት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ለመሆኑ መጦር ሲባል ምን ማለት ነው? ብዙዎቻችን ምግብና ልብስ ማቅረብ ብቻ ይመስለናል። ጉልበታቸው ለደከመ አረጋውያን ግን ከአልጋ መነሣት፣ ገላ መታጠብ፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መዋጥ፣ ከሰው ጋር መጫወትም እንደ እንጀራ ያስፈልጋሉ። ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ የምትሸከመው አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። እርሷ የታመመች ዕለት አረጋውያኑም ከለመዱት ቤት ለመውጣት ይገደዳሉ። እንግዲህ በቤታቸው እንዲኖሩ ከወደድን ሸክሙን መከፋፈል ይገባናል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንመልከት። በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ በቻይናውያን ሰፈርና በአካባቢው፣ ረዳት የሚያሻቸው ብዙ ስደተኞች አረጋውያን ነበሩ። የመጦሪያ ተቋም ማሠራት ወጪው የማይቻል ሆነ፤ ለባህላቸውም የሚስማማ አልነበረም። ስለዚህ በ1971 እ.ኤ.አ. ኦን ሎክ የተባለ ድርጅት ተመሠረተ፤ በ1973ም የቀን መዋያ ከፈተ። አረጋውያኑ በመኪና ይመጣሉ፤ ይታከማሉ፤ ምግብ ይበላሉ፤ ከእኩዮቻቸው ጋር ይጫወታሉ፤ ከዚያም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቤት ድረስም ረዳት ይሄድላቸዋል። ይህ አሠራር በ1997 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ሕግ ጸና።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበውም፣ መበለቶች ችላ በተባሉ ጊዜ ለአገልግሎቱ 7 ሰዎች ተመረጡ። ርኅራኄ ብቻውን አይበቃም፤ ሥርዓትና ተረኛ ይፈልጋል።

እኛስ ምን እናድርግ?

1ኛ/ በየሰፈራችን ተራ እንግባ። አስታማሚዋ በሳምንት ግማሽ ቀን እንኳ እንድታርፍ እኛ እንቀመጥላት።

2ኛ/ ቤቱን እንይ። የሚያዳልጥ ወለል፣ የተጣጠፈ ምንጣፍና ወደ መጸዳጃ የሚወስድ ጨለማ መንገድ አረጋውያንን ይጥላሉ።

3ኛ/ የሚችሉትን ሥራ አንንጠቃቸው። ጥጥ መፍተል የሚችሉ እናት ይፍተሉ፤ ያልሠራ አካል ይደክማልና። ከመርዳታችን በፊትም ፈቃዳቸውን እንጠይቅ።

በሽታቸው ከቤት አቅም በላይ የሆነባቸውም አሉ። ወደ መጦሪያ ሲገቡ ሄደን እንጠይቃቸው እንጂ ቤተሰባቸውን አንውቀስ።

የመወያያ ጥያቄ፦ በሰፈራችሁ አረጋውያንን የምትጦር ማን ናት? ለእርሷስ የሚደርስላት ማን ነው?