የልደትና የሞት መዝገብ ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና የሚሰጠው ጥቅም

መምህር በየማለዳው ወደ ክፍል ሲገባ አስቀድሞ የተማሪዎቹን ስም ይጠራል። ስም መጥራቱ የመጡትን ለማየት ብቻ አይደለም፤ የቀረውን ለማወቅ፣ ስለ ምን እንደ ቀረም ለመጠየቅ ነው። ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ ልጅ ግን ቢቀር የሚጠይቅለት የለም። የእናቶችና የሕፃናት ጤናም እንደዚሁ ነው። ያልተመዘገበችን ነፍሰ ጡር በቀጠሮዋ ቀን አልመጣችም ብሎ የሚፈልጋት አይገኝም። በመዝገብ ያልተጻፈ የሕፃን ሞትም ምክንያቱ ሳይመረመር ስለሚቀር፣ በሚመጣው ዓመት በሌላ ቤት ይደገማል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን መዝገብና ምርመራ ሕይወትን እንዴት እንደሚያድኑ፣ የቤሌ ከተማና የአካባቢዋ መምህራንና ነዋሪዎችም በዚህ ሥራ ምን ድርሻ እንዳላቸው እናስረዳለን።

1ኛ. ስለ እጅ ንጽሕና መዝገብ ያስተማረው ትምህርት

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1840ዎቹ ዓመታት በቪየና ከተማ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። ኢግናዝ ዘሜልቫይስ የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ ሐኪም የሁለቱን ክፍሎች የሞት መዝገብ ጎን ለጎን አድርጎ ቢመለከት፣ ከወሊድ በኋላ በሚነሣ ትኵሳት የሚሞቱት እናቶች በሐኪሞቹ ክፍል እጅግ የበዙ ሆነው አገኛቸው። ምክንያቱን ሲመረምርም፣ ሐኪሞቹ አስከሬን በመረመሩበት እጃቸው እናቶችን እንደሚያዋልዱ አስተዋለ። ስለዚህ በ1847 በሜይ ወር ሁሉም እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ። በኤፕሪል ከ100 ወላዶች 18 ያህል ሞተው ነበር፤ በጁን ግን የሟቾቹ ቍጥር ከ100 ወደ 2 ያህል ወረደ። በዚያን ጊዜ ተሕዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ ገና በግልጽ አይታወቅም ነበር። ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ያመለከተው በጥንቃቄ የተያዘው መዝገብ ነው።

2ኛ. በአዲስ አበባ የተደረገው ምርመራ

በአገራችንም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል በሳንባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትን፣ በሳንባ ምች ካልታመሙ ሌሎች 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። በ1989 ዓ.ም. እንደ ታተመው ጥናታቸው፣ ከታመሙት መካከል 210ሩ፣ ካልታመሙት መካከል ግን 20ዎቹ ብቻ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ ነበረባቸው። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን በደንብ መተንፈስና አክታውን ማስወጣት ስለሚያቅተው በሳንባ ምች ይጠቃል።

ለሪኬትስ ዋናው ምክንያት ቫይታሚን ዲ ማነስ ነው፤ ይህም ቫይታሚን ገላ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ በሰውነት ውስጥ ይዘጋጃል። ፀሐይ በማይጠፋበት አገራችን ሕፃናት ለዚህ በሽታ የሚዳረጉት፣ ምች ይመታቸዋል፣ የሰው ዓይን ያርፍባቸዋል ተብሎ ተሸፋፍነው በቤት ውስጥ ስለሚቀመጡ ነው። አንድ ሐኪም አንድ በሽተኛ ብቻ አይቶ ይህን ዝምድና ሊያውቅ አይችልም። እውነቱ የተገኘው የታመሙትን ካልታመሙት ጋር በማነጻጸር ነው። ከዚህም የተነሣ እናቶች ሕፃኑን በማለዳ ፀሐይ፣ ገላውን ገልጠው እንዲያሞቁት እንመክራለን።

3ኛ. የአገራችን ቍጥር ምን ያመለክታል?

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጥናት ይህ ቍጥር ወደ 59 ወረደ። የእናቶችም ሞት፣ በሕይወት ለተወለዱ 100,000 ሕፃናት ሲሰላ፣ በ1992 ዓ.ም. 871 የነበረው በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ዝቅ ብሏል። ክትባት፣ የጤና ኬላዎች መስፋፋትና በየቤቱ የሚዘዋወሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ ብዙ ረድተዋል።

ዳሩ ግን ቍጥሩን ከፋፍሎ ለሚመለከት ሌላ ነገር ይታያል። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ጨቅላዎች በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ውስጥ 49፣ በ2008 ዓ.ም. 29፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 33 ነበሩ። በናሙና በሚደረግ ጥናት ጥቂት መዋዠቅ ስለማይቀር ሞቱ ጨመረ ለማለት ባያስደፍርም፣ መቀነሱ እንደ ዘገየ ግን ያስረዳል። ቀድሞ ከሚሞቱት ሕፃናት በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ከ10 ውስጥ 3 ያህል ሲሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም. 6 ደርሰዋል። እንግዲህ ትልቁ አደጋ ያለው በወሊድ ሰዓትና ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ይሁን እንጂ በዚያው በ2011 ዓ.ም. በጤና ተቋም የወለዱት ከ100 እናቶች 48፣ ከወለዱ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙት 34 ብቻ ነበሩ።

4ኛ. የአገሩን ቍጥር ወደ ቀበሌያችን ስለ ማምጣት

የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ቤሌ፣ ከወላይታ ሶዶ በስተ ምዕራብ፣ አገሩ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅበት ወገን ትገኛለች። በአዲስ አበባ የታተመ ቍጥር ለቤሌ ሰው ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ መልሱን በጥቍር ሰሌዳ ላይ በሒሳብ ማሳየት ይቻላል።

በዓመት 150 ሕፃናት የሚወለዱበት አንድ ቀበሌ አለ እንበል። ከ1,000 ሕፃናት 33 የሚሞቱ ከሆነ፣ በዚህ ቀበሌ በየዓመቱ 5 ያህል ጨቅላዎች ይሞታሉ ማለት ነው። የእናቶችም ሞት በ2008 ዓ.ም. በተገኘው መጠን ቢሆን፣ በ5 ዓመት ውስጥ 3 እናቶች ይሞታሉ። አሁን የቀበሌውን መዝገብ እንክፈት። በዓመቱ አንድም ጨቅላ አልሞተም የሚል ከሆነ ከመደሰታችን በፊት እንጠይቅ፤ እውነት አልሞተም? ወይስ ስም ሳይወጣለት ተቀብሮ፣ ኀዘኑም በቤት ውስጥ ቀርቶ ሳይጻፍ አለፈ? ባዶ መዝገብ ሁልጊዜ የጤና ምልክት አይደለም።

ሁለተኛው ሥራ መጠናቀቅ የሚገባውን ከተጠናቀቀው ጋር ማስተያየት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ከ150ዎቹ እናቶች 120ዎቹ ለመጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ መጡ፤ 70ዎቹ በጤና ጣቢያ ወለዱ፤ ከወለዱ በኋላ በሦስተኛው ቀን የታዩት 20 ብቻ ናቸው እንበል። ትልቁ ጉድለት የት እንዳለ ከዚህ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ፣ ያልመጡት የየትኛው ሰፈር እናቶች ናቸው? መንገዱ በክረምት ይቋረጣል? ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር ይጋጫል? ባል ወይም አማት አልፈቀዱም? እያሉ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለየቤቱ የሚይዙት የቤተሰብ ማኅደር ለዚህ የተዘጋጀ ነው። ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ለመላክ ብቻ ተጽፎ በዚያው ካልተነበበ ግን ጥቅሙ ግማሽ ነው።

5ኛ. መዝገብ እውነተኛ ይሆን ዘንድ

መዝገብን ከሁሉ ይልቅ የሚያበላሸው ፍርሃት ነው። ሞትን የጻፈ ሠራተኛ የሚወቀስ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አይጽፍም። እናቱ የሞተችበት ቤተ ሰብ የሚወቀስ ከሆነም እውነቱን አይናገርም። የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የተባለው አሠራር በአገራችን ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲተከል መሠረቱ ይህ ነበር፤ ይኸውም፣ ማን አጠፋ ሳይሆን ምን ጐደለ ተብሎ ይጠየቃል። ምርመራውም ሦስቱን መዘግየቶች ይከተላል። የመጀመሪያው በቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት፣ ሦስተኛው ከጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። መዘግየቱ በቤት ከሆነ ምክር፣ በመንገድ ከሆነ መጓጓዣ፣ በጤና ተቋሙ ከሆነ መድኀኒት ወይም ባለሙያ ያስፈልጋል። ምክንያቱን የማያውቅ ግን በመድኀኒት እጦት ለሞተችው እናት ምክር ሲሰጥ ይኖራል።

6ኛ. የመምህራንና የነዋሪዎች ድርሻ

በአዋጅ ቍጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ ጐረቤቱ ልጁን እንዲያስመዘግብ ይርዳ። ጥቂት ቀን ብቻ ኖሮ የሞተ ሕፃንም ተወልዷል፤ ሞቷልም። ሁለቱም መጻፍ አለባቸው። መምህራን ደግሞ የሚከተሉትን የአደጋ ምልክቶች ለተማሪዎቻቸው በአማርኛና በወላይትኛ ቢያስተምሩ፣ ትምህርቱ በዚያው ቀን ብዙ ቤት ይገባል።

በእናት ላይ፤ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኵሳት፣ ከ12 ሰዓት በላይ የቈየ ምጥ።

በጨቅላ ላይ፤ ጡት አለመያዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ የገላ ማተኰስ ወይም መቀዝቀዝ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ የእምብርት መቅላት ወይም መግል።

ከእነዚህ አንዱ ከታየ ነገ እናያለን ሳይባል ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። የሚያዋልድና ሕፃኑን የሚይዝ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። በእምብርቱ ላይ ቅቤም ሆነ እበት አይደረግ። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፤ እስከ ስድስት ወርም የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል።

መምህር ስም ሲጠራ «አቤት» የማይል ልጅ ቢኖር፣ የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። እኛም በየቀበሌያችን ስለ እያንዳንዷ እናትና ስለ እያንዳንዱ ሕፃን እንደዚሁ ብንጠይቅ፣ መልሱን በእውነት ብንጽፍና ያየነውን ጉድለት ብናርም፣ ዛሬ የተጻፈው የአንድ ቤት ኀዘን ለነገው ቤት መዳኛ ይሆናል።

የማጥኛ ጥያቄዎች

1. ዘሜልቫይስ የሁለቱን ክፍሎች መዝገብ ባያነጻጽር ኖሮ ምን ይቀር ነበር?
2. በዓመት 200 ሕፃናት በሚወለዱበት ቀበሌ፣ ከ1,000 ጨቅላዎች 33 የሚሞቱ ቢሆን፣ ስንት ጨቅላዎች ይሞታሉ?
3. ባዶ የሞት መዝገብ ስለ ምን ሊያጠራጥር ይችላል?
4. ሦስቱ መዘግየቶች ምን ምን ናቸው? በሰፈርህ የትኛው የሚበረታ ይመስልሃል?